የዓባይ ድርሻ

እኅቴ በዕድሜዋ ሙሉ ከእኔ የጠየቀችው ነገር ጥቂት ነው። የመጨረሻውን የጠየቀችኝ በስልክ ነበር። አዲስ አበባ ሴት ልጇ ቤት ተኝታለች። ሐኪሞቹ "ከእንግዲህ ወደ ቤቷ ውሰዷት" ብለዋል። ድምፅዋ ሰልሎ፣ "ደብረ ኤልያስ አድርሱኝ" አለችኝ። "በእግሬ ባልገባ እንኳ በትንፋሼ ልግባ። ሬሳ ሆኜ ደጄን አልለፍ።"

እሺ አልኳት። እሺ ለማለት ምን ይከብደኛል? የሚያመጣት ወንድ ልጇ ነው፣ መኪናው የራሱ ነው፣ የመኪናውን ጎማ ያሰርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

በትንፋሿ አልገባችም። ለምን እንዳልገባች፣ አርባዋ ሊሞላ ጥቂት ቀን እስኪቀረው ድረስ የምናውቀው እኔና አንድ ጎረቤቴ ብቻ ነበርን።

ደብረ ማርቆስ፣ ወደ ደጀን በሚያስወጣው መንገድ ዳር፣ ጎማ ስፈታና ሳስር ፀጉሬ ነጣ። ጎሚስታ ነኝ። ትምህርቴ ፊደልና ጥቂት ዳዊት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የተማርኩት ከጎማ ነው። እናታችን ስትሞት እኔ ገና ጡት አልጣልኩም ነበር። ያሳደገችኝ እኅቴ ናት፤ ብትበልጠኝ ዐሥር ዓመት ነው። እኔን አዝላ ውሃ ትቀዳ፣ እኔን አዝላ ታጭድ እንደነበር የነገሩኝ የአገር ሰዎች ናቸው። እሷ አንድ ቀን አንሥታው አታውቅም። ሥራ ፍለጋ ወደ ማርቆስ ስመጣ ግማሹን መንገድ በእግሯ ሸኘችኝ። መኪና ያዞራታል። ካረጀች በኋላ እንኳ መኪና ውስጥ የምትገባው ሎሚ አፍንጫዋ ሥር ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በየመታጠፊያው "ደረስን?" እያለች ነው።

ወንድ ልጇ ዐርባን ተሻግሯል፤ ማርቆስ ከእኔ ሠፈር አይርቅም ቤቱ። አባቱ ቀድሞ ስለሞተ አጎትም አባትም እኔ ነኝ። ከማርቆስ አዲስ አበባ በገዛ ሚኒባሱ ሰው ያመላልሳል። ሚኒባሷን ይወዳታል። ጧት ጧት ፊቱን ሳይታጠብ መስታወቷን የሚያጥብ ሰው ነው።

ባለፈው ዓመት ክረምት ከመግባቱ በፊት አራት ሰፋፊ ቸርኬ ከአዲስ አበባ ይዞ መጣ። ጎማው የሚታሰርበትን ብረት ቸርኬ እንለዋለን። እነዚህ ከመኪናዋ ጋር እንደመጡት ጥቁሮች አይደሉም፤ ነጭ፣ እንደ ብር የሚያበሩ፣ ከድሮው በስፋትም በቁመትም የሚበልጡ ናቸው። እያንዳንዱን በብርድ ልብስ ጠቅልሎታል።

ከሱቄ አጠገብ ጎማ የሚሸጥ ጎረቤት አለኝ። ሐጂ ነው የምንለው። ሠላሳ ዓመት ግድግዳ ተጋርተናል። ብርድ ልብሱ ሲፈታ ወጥቶ አየና፣

"ምነው ልጄ፣ ሚኒባሷን ልትድራት ነው? አልቦ ገዛህላት!" አለው።

"ሐጂ፣ እሷስ እሺ አላለችም እንጂ ጠያቂ ሞልቷታል።"

"አጎትህን ሽማግሌ ላክና ይጠይቅልህ። እሱ እንደሆነ ጎማ ካላየ ቤት አይገባም።"

ልጃችን ስልኩን አውጥቶ አንድ ሥዕል አሳየኝ። መኪናዋ ላይ ያለው ጎማ ከማነሱ የተነሣ ቸርኬው ብቻውን የሚሄድ ይመስላል። "እንዲህ ቀጠን ያለውን ይሰሩልኝ አጎቴ" አለኝ።

"ይሄ ጎማ ነው ቀለበት? በዚህ ደብረ ኤልያስ ትሄዳለህ? አንዲት ድንጋይ ብትረግጥ ቸርኬህ እንደ ቆርቆሮ ይጣመማል።"

"አስፋልት ላይ ነው የምሠራው።"

"እናትህ አስፋልት ላይ ነው የምትኖረው?"

ሳቀና ተወው።

ለሰፊ ቸርኬ ጎማ ለመምረጥ ዓይን አይበቃም። በጎማው ጎን የተጻፈውን የፈረንጅ ፊደል አላነብም፤ ቁጥሩን ግን አነባለሁ። የመጀመሪያው ስፋቱ ነው። ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ነው፤ ከስፋቱ ከመቶ ስንት እጅ እንደሆነ ይናገራል። ሦስተኛው የሚገባበት ቸርኬ ልክ ነው። ጎማው ለቸርኬው ከጠበበ ጎኑ ተወጥሮ ከንፈሩ ከብረቱ ሊላቀቅ ይችላል፤ ከሰፋ ደግሞ ጎኑ ይንሳፈፋል፣ መታጠፊያ ላይ መኪናዋ ትዋኛለች። ከሁሉም በላይ አዲሱ ጎማ ከመሬት እስከ አናቱ ከድሮው ጋር እኩል መሆን አለበት። ካጠረ ፍጥነት መቁጠሪያው ይዋሻል፤ ከረዘመ ከላዩ ያለውን የጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎውን፣ ይፍቃል።

እኔ ሒሳቡን በወረቀት አልችለውም። ሲባጎ አመጣሁና የድሮውን ጎማ ዙሪያ ለክቼ ቋጠርኩት። ሐጂ ከመጋዘኑ አንድ በአንድ ሲያወጣ በዚያ ሲባጎ እየዞርኩ አራት ዓይነት ጎማ ጣልኩ። አምስተኛው ሁለት መቶ ሠላሳ አምስት፣ ሃምሳ አምስት፣ ዐሥራ ሰባት የሚል ነበር። ቋጠሮው ጫፉ ላይ መጣ፤ የጣት ጥፍር ያህል ነው የጎደለው። ሐጂ በበኩሉ ስልኩ ላይ ሲደምርና ሲያባዛ ቆይቶ፣ "ይኼው እሱ ራሱ ነው የወጣው! አንተ ሽማግሌ በገመድ ከምታውቅ እኔ ምን አደከመኝ?" አለ።

ኮራሁ። ዛሬም ቢሆን ልኩን አልተሳሳትኩም ነበር እላለሁ። የተሳሳትኩት ነፋሱን ነው።

ከደጀን ጎሃ ጽዮን ድረስ ያለውን ቁልቁለትና ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል። ማርቆስ ጧት ጋቢ ለብሰህ ትነሣለህ፤ ዓባይ በረሃ ድልድዩ አጠገብ ስትደርስ ሸሚዝህን ማውለቅ ያምርሃል። እኔን ሥራ ያስተማሩኝ ሽማግሌ ታዲያ ዓባይን ለሚሻገር መኪና ሁሉ ከመነሣቱ በፊት ከጎማው ነፋስ ይቀንሱለት ነበር። "ሙቀቱ ነፋሱን ያሳብጠዋል፤ ቦታ ተውለት" ይሉኛል። የሚቀነሰውን ነፋስ "የዓባይ ድርሻ" እንለዋለን። ሾፌሩ መጥቶ "ድርሻውን አንሣልኝ" ይላል፤ እኛ እንቀንሳለን፤ እሱ ያማትባል፤ ይወርዳል። ከበረሃው ተመልሶ በሰላም ሲገባ፣ "ዓባይ ድርሻውን ወስዶ ለቀቀኝ" የሚል ነበር።

በዚያ ዘመን ምክንያት ነበረው። ጎማው ውስጥ ካላማዳሪ የምንለው የላስቲክ ከረጢት ነበር፤ አንዱ ካላማዳሪ ላይ ዐሥር ቦታ ተለጥፎበታል። በረሃው ሲሞቅ ማጣበቂያው ይላቀቃል። ነፋሱን የምናነሣለት ልጣፊው እንዳይነሣ ነበር። የጎማው ጎን ደግሞ እንደ በሬ ቆዳ ወፍራም፣ ረጅም ነበር፤ ቢለሰልስም ይችላል። ካላማዳሪው ቀረ። ልጣፊው ቀረ። እኛ ግን ድርሻውን መቀነሱን አልተውንም። ለምን እንደምንቀንስ ረስተን እጃችን ብቻ ይቀንስ ነበር።

እኅቴ እንዳልኩት ደወለች። መንገዱ ያኔ በጸጥታው ምክንያት አንድ ሳምንት ቢከፈት ሌላ ሳምንት ይዘጋል። በተከፈተበትም ቀን ቢሆን ከማታው ዐሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ መኪና አይንቀሳቀስም። አንድ ረቡዕ "ተከፍቷል" ተባለ። ልጇ ሐሙስ ጧት ሊሄድ፣ ዐርብ ይዟት ሊመለስ ቆረጠ። የመሐል ወንበሮቹን አስፈትቶ ፍራሽ አነጠፈላት። የንስሐ አባቷ ደብረ ኤልያስ ቤቷ ሆነው እንዲጠብቋት ተላከባቸው። ጎረቤቶቿ ቤቱን ጠርገው፣ አልጋዋን ወደ መስኮቱ አዙረው እየጠበቁ ነው።

ሐሙስ ጧት ሱቄ ደጃፍ መጣ። "ድርሻውን ያንሡልኝ አጎቴ" አለ። ሰፋፊዎቹን ካሰረ ወዲህ ሱቄ ሳይከፈት ማልዶ እየወጣ ድርሻ አስነሥቶ አያውቅም፤ ያን ዕለት ግን እናቱን ሊያመጣ ነው።

ሐጂ በሩን እየከፈተ ነበር። "የምን ድርሻ? እነዚያን ጎማዎች ነው?" አለ።

"አዎ።"

"አትንካቸው ወዳጄ። ይሄ ሰፊ ጎማ ነው፣ ጎኑ አጭር ነው። ክብደቱን የሚሸከምለት ነፋሱ ነው። የፋብሪካው ወረቀት እኔ ዘንድ አለ፤ ለኋለኛው ጎማ ነፋሱ በመለኪያ ዐርባ ሁለት ይሁን ይላል፣ ጎማው ሳይሞቅ ተለክቶ። ዓባይም ውረድ ሰማይም ውጣ፣ ዐርባ ሁለት ነው።"

"ሐጂ፣ ወረቀትህ ዓባይን ወርዶ ያውቃል?"

"ወረቀት እግር የለው!"

"እንግዲያው እግር ያለውን ስማ። እኔ ይሄን ሥራ ስጀምር አንተ ጨርቅ ነበር የምትሸጥ።"

"ጨርቁም ቢሆን ተለክቶ ነው የሚሸጥ" አለኝና ገባ።

ልጃችን እኔንም ሐጂንም አየ። ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረበት፤ መረጠኝ። ጎንበስ ብዬ የኋለኞቹን ሠላሳ አደረስኳቸው። የፊተኞቹንም ጥቂት አነሣሁላቸው። ነፋሱ ሲወጣ የሚያሰማውን ድምፅ እወደው ነበር፤ ሰው እፎይ እንደሚል ነው።

"ስትመለስም ዓባይን ነው የምትወርድ። አዲስ አበባ ላይ ማንም እንዳይሞላብህ" አልኩት።

"እሺ አጎቴ።"

ጉልበቴን ስሞ ሄደ።

ዐርብ ጧት ስልክ ደወለልኝ። ወጥተዋል። ታናሽ እኅቱ አብራ ናት፣ እናቱን ደግፋ ይዛለች። ስልኩን ለእኅቴ ሰጧት። ቃል አልወጣትም፤ መተንፈሷን ሰማሁ። "አይዞሽ እትዬ፣ መንገድ ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ" አልኳት።

ከአራት ሰዓት ጀምሮ ሱቁን ዘግቼ መንገዱ ዳር ተቀመጥኩ። ማርቆስ ስትደርስ አብሬያት ልገባና ደብረ ኤልያስ ድረስ እጇን ልይዝ ነው። ሎሚ ገዝቼ በኪሴ ይዣለሁ። ሰባት ሰዓት ሆነ። ስምንት ሆነ። ስልክ እደውላለሁ፤ በረሃው ውስጥ ስልክ አይሠራም። "ዳገቱን ሲጨርስ ይደውላል" እላለሁ ለራሴ። ሐጂ ከሶላት ሲመለስ ወንበር አውጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ስለ ጎማውም አላነሣም።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ደወለ። ደጀን ደርሷል።

"አጎቴ" አለ። ከኋላው የእኅቱን ዋይታ ሰማሁ።

የሆነውን ኋላ ነው የነገረኝ። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁለቱን ጀምረው ከግማሽ በላይ ወርደዋል። ድልድዩ ከታች ይታያል። የኋላው የግራ ጎማ ፈነዳ። መኪናዋን ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው ጎን አድርጎ አቆማት፤ እጁ የታመነ ሾፌር ነው። ማንም አልተጎዳም። ግን ቁልቁለት ነው፤ መኪናዋን የሚያነሣው ክሪክ ይንሸራተታል፤ ድንጋይ ፈልጎ ጎማዎቹን መደገፍ ነበረበት። የሚያልፈው መኪና ሁሉ ሰዓት እንዳይመሽበት የሚሮጥ ነው፤ የቆመለት የለም። ፀሐዩ ቆርቆሮውን ያግላል። ሴት ልጇ በነጠላ ታራግብላታለች። ስኮርታውን፣ ማለት ተጠባባቂውን ጎማ፣ እስኪያስር አንድ ሰዓት ተኩል አለፈ።

በዚህ መሐል እኅቴ ዓይኗን ገለጠች። በመስኮቱ ማዶ ማዶውን አየች።

"ያ ማዶ ጎጃም ነው?" አለች።

"አዎ እማዬ፣ ጎጃም ነው" አላት ልጇ፣ መሬት ላይ ተንበርክኮ ቡሎን እያጠበቀ።

"ታዲያ ምን ያቆመናል?"

ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። የመጨረሻውን ቡሎን አጥብቆ ሲነሣ አልቃ ነበር። ድልድዩን የተሻገረችው ሬሳ ሆና ነው።

የዚያኑ ዕለት ስላልተቻለ ቅዳሜ ደብረ ኤልያስ ቀበርናት። ደጇን የገባችው በሸክም ነው፤ እንዳታደርጉብኝ ያለችው እሱን ነበር። የንስሐ አባቷ በራፉ ላይ ቆመው ነበር፤ መስቀላቸውን በእጃቸው እንደያዙ፣ ማንን ሊያሳልሙት እንደሆነ ግራ ገብቷቸው። አልጋዋ ወደ መስኮቱ እንደዞረ ነበር።

ይደርስላት ነበር አልልም፤ አይደርስላትም ነበርም አልልም። ደካማ ነበረች። ሞቷ ከጎማ አይደለም። ግን አንድ ሰዓት ተኩል ማለት ከዚያ በረሃ ወጥቶ፣ ደጀንን አልፎ፣ ወደ ማርቆስ መቃረብ ነው። እዚያ እኔ ነበርኩ።

ለቅሶው ሲቀዘቅዝ፣ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን መሰለኝ፣ ልጃችን መኪናዋን ሱቄ ደጃፍ አቆመ። ጢሙ አድጓል። የመኪናዋ መስታወት አቧራ ነው።

"ያውጡልኝ እነዚህን" አለ። "ድሮዎቹን ይመልሱልኝ።"

ጥቁሮቹ ቸርኬዎች እኔ ዘንድ ነበሩ። አንድ በአንድ ፈታሁ፣ አሰርኩ። እሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መሬት ያያል።

"ጌጥ ብዬ" አለ። "አጎቴ፣ ጌጥ ብዬ ነው እናቴን ገደል ዳር የገደልኳት። እርስዎ 'ቀለበት ነው' ብለውኝ ነበር። ሐጂ 'አልቦ' ብሎኝ ነበር። ሁላችሁም ስቃችሁብኛል። በድሮው ጎማ ብሄድ ይቺ ሴት ቤቷ ትገባ ነበር።"

"ልኩ ትክክል ነበር እኮ" አልኩት።

"ምን ልክ አለው? ልኩ ትክክል ከሆነ ለምን ፈነዳ?"

ቡሎኑን ማጥበቄን ቀጠልኩ።

የፈነዳውን ጎማ ትቶልኝ ሄደ። አንሥቼ ወደ ውስጥ አስገባሁትና በብርሃን በኩል ዘቅዝቄ ሆዱን አየሁት። እንደ ተፈጨ ጌሾ ያለ ጥቁር የላስቲክ ብናኝ ፈሰሰ። ጎኑ ዙሪያውን፣ ቀለበት ሠርቶ፣ ተበጥሷል። ድንጋይ ሲወጋው አንድ ቦታ ነው የሚቀደደው። ይሄ ግን ለስልሶ የሄደ ጎማ ነው፤ ሲታጠፍ፣ ሲዘረጋ፣ ሲታጠፍ፣ ሲዘረጋ፣ ከማርቆስ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ዓባይ፣ ጎኑ ከውስጥ በስሎ የተበጠሰ። ሙቀቱን ያመጣበት በረሃው አይደለም፤ ነፋስ ማነሱ ነው። ሐጂ እውነቱን ነበር።

ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ጣቶቼ ጉልበቴን ሁሉ ጥቁር ብናኝ አደረጉት።

እናገራለሁ አልኩ፤ አልተናገርኩም። ነገ እላለሁ። ሌላ ሦስት ሳምንት አለፈ። ከእኔ ሌላ ማን አለው እላለሁ፤ አጎቱንም ከሚያጣ በቸርኬው ያመካኝ እላለሁ። ሰው ለራሱ ሲያዝን ለሌላ ያዘነ ያስመስላል። ሐጂን ግን አላታለልኩትም። አንድ ቀን ጎማውን ከጥግ አይቶት ሆዱን በጣቱ ዳበሰ፤ ጣቱን አየ፤ በመሐረቡ ጠረገ። "አላህ ነፍሷን ይማር" አለኝና ወጣ። ከዚያ ይልቅ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እንዲህ ሳለሁ ሐጂ ራሱ ወሬ ይዞ መጣ። "ልጅህ መኪናዋን ሊሸጣት ነው" አለኝ። "ገዢው ነገ ጧት ይመጣል። ሁለተኛ መሪ አልይዝም ብሎ ምሏል አሉ።"

"ምን ሊሠራ?"

"እኔን ትጠይቀኛለህ?" አለ፤ ዓይኔን እያየ። "ወዳጄ፣ ያ ሰው በማያውቀው ጥፋት ራሱን እየቀጣ ነው። ሦስት ልጆች አሉት።"

በእኛ አገር በደለኛ ይቅርታ ለመጠየቅ ሲሄድ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ይሄዳል። በበደለው ሰው ደጅ ይቆማል። የተበደለው ድንጋዩን ካነሣለት ምሮታል ማለት ነው፤ ካላነሣለት እንደተሸከመ ይመለሳል። ልጅ ሆኜ አይቻለሁ፤ ለእኔ ይመጣል ብዬ ግን አላሰብኩም።

በማግሥቱ ጧት ያንን ጎማ በጫንቃዬ አደረግሁና ወጣሁ። በከተማው መሐል ሄድኩ። የሚያውቀኝ ሁሉ "እንደምን አደሩ አባቴ" እያለ ያልፋል። ማንም አልገረመውም። ጎሚስታ ጎማ ቢሸከም ማን ይገረማል? አንዱ እንዲያውም "ጋሪ የለም እንዴ፣ ምነው በዚህ ዕድሜ!" አለና ሊያግዘኝ እጁን ዘረጋ። "ተው ልጄ፣ የራሴ ነው" አልኩት።

ስደርስ መኪናዋ ግቢው ውስጥ ታጥባ ቆማለች። ገዢው ገና አልመጣም። ልጃችን የወረቀቱን ቦርሳ ይዞ ወጣ።

"ምንድን ነው አጎቴ? ያስቀምጡት እንጂ።"

"አላስቀምጥም። አድምጠኝ።"

ነገርኩት። ሠላሳ ማድረሴን፣ ሐጂ ዐርባ ሁለት ማለቱን፣ የብናኙን ነገር፣ ቀለበት ሠርቶ መበጠሱን። ቸርኬው ምንም እንዳልበደለ። ሳስር ልኩ ትክክል እንደነበር፣ እኔ ከነፋሱ ባልነካ መኪናዋ እንደ ሌላው ቀን ዓባይን ወርዳ እንደምትወጣ።

ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀመጠው።

"አዲስ አበባ ላይ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ጎማ ቤት ቆሜ ነበር። ልጁ ለካውና 'ይሄ ለስልሷል፣ ልሙላልህ' አለኝ። እማዬን እያወጣናት ነበር። 'አትንካው፣ አጎቴ ጎማ ያውቃል' አልኩት።"

ጎማው ከበደኝ።

"መቼ ነው ያወቁት?"

"ቸርኬውን ያስፈታህ ዕለት።"

"ያን ዕለት" አለ። "ያን ዕለት 'እናቴን ገደልኩ' ስልዎት አጠገቤ ነበሩ።"

"ነበርኩ።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

ፈራሁ ብል እውነት ነው፤ ግን ለምን ፈራህ ቢለኝ የሚቀጥለውን አላውቅም።

በሩ ተንኳኳ፤ ገዢው ነው። ልጃችን ሄዶ ከፍቶ "አልሸጥም ወንድሜ፣ ላደከምኩህ ይቅርታ" ሲለው ሰማሁ። ተመልሶ መጣ። ፊቴን ሳያይ ጎማውን በሁለት እጁ ከጫንቃዬ አነሣና ግድግዳው ሥር አስቀመጠው። ከዚያ በርጩማ አቀረበልኝና ወደ ቤት ገባ። ምሮኝ ይሁን፣ ወይ ጎማ የከበደው ሽማግሌ አሳዝኖት ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጥቂት ተቀምጬ ሄድኩ።

አርባዋን አብረን አወጣን። ድግሱን እሱ ደገሰ፣ እኔ ቆሜ አሳለፍኩ። ለዓመት በዓል ይመጣል፤ ጉልበቴን ይስማል፤ ልጆቹን ያስከትላል። ሥራውን ቀጥሏል። ሰፋፊዎቹን ቸርኬዎች መልሶ አላሰራቸውም።

እኔ ከዚያ ወዲህ ለማንም ድርሻ አንሥቼ አላውቅም። መለኪያውን ይዤ፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ ሐጂ ከወረቀቱ ያነበበልኝን እሞላለሁ። ሾፌሮች ይቆጡኛል። "ዓባይ ነው እኮ የምወርድ! አረጁ እንዴ አባባ?" ይሉኛል። አንዳንዱን አስረድቼ እመልሰዋለሁ፤ አንዳንዱ ደግሞ ከእኔ ማዶ ያለው ጎሚስታ ዘንድ ሄዶ ያስቀንሳል። ከዚህ ሆኜ ነፋሱ ሲወጣ ይሰማኛል።

ባለፈው ሳምንት ጧት የልጃችን ሚኒባስ ሱቄ ፊት ለፊት ቆመች። የኋላው ቀኝ ጎማ ለስልሷል፤ ሚስማር ነው መሰለኝ። ወርዶ አየው። የነፋሱን ቱቦ ይዤ ብድግ አልኩ። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገናኘን።

"እንደምን አደሩ አጎቴ" አለኝ።

"እግዚአብሔር ይመስገን። ደኅና አደርክ?"

"ደኅና።"

ጎማውን እንደገና አየው። ከዚያ ተመልሶ ገባና ሞተሩን አስነሣ፤ ወደ ማዶው ጎሚስታ ነው የሚሄደው። ሃምሳ ርምጃ ያህል ነው፤ በለሰለሰ ጎማ ሃምሳ ርምጃም ብዙ ነው።

"ቀስ ብለህ ሂድ!" አልኩት ጮኼ። "ጎኑን እንዳትፈጨው፣ ቀስ በል!"

በመስኮቱ እጁን አወጣና አሳየኝ። ቀስ ብሎ ሄደ።